በሬ ያልነበረበት ዓመት

ሚኒባሱ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ተነስቶ የኩታበርን ዳገት ሲያያዘው ዓለማየሁ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅለት ወሬውን ጀመረ። ከጎኑ የተቀመጠው ጎልማሳ ከትህትና ብዛት ስልኩን ኪሱ ከተተ። እቴነሽ ከኋላ ወንበር ሆና ይህን ስታይ ለሰውየው አዘነችለት። ከእንግዲህ ማምለጫ የለውም። ባሏ ከባላባቱ ዘመን ይነሳል፤ የጢሰኝነቱን ኑሮ፣ የእርቦውንና የሲሶውን ግብር ይዘረዝራል፤ መሬት ለአራሹ የተባለ ጊዜ እንዴት እንደጨፈረ ይናገራል፤ ከዚያ ቦሩ ሜዳ ሳይደርሱ የሰባ ሰባት ድርቅ ላይ ይደርሳል።

ደረሰም።

“በሰባ ሰባት ሰኔ በአገሩ አንድ በሬ አልነበረም፤” አለ፣ በዱላው የመኪናውን ወለል እየመታ። “ያልሞተው ተሸጧል፣ ያልተሸጠው ተበልቷል። እኔ ግን አረስኩ። አሥራ አንድ ቀን። ክንድ ነው ያረሰው፣ ክንድ። የዛሬ ሰው ብረት ካልገፋለት ከተቀመጠበት አይነሳም።”

ሰውየው ጉድ ነው አለ።

እቴነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን ወሬ በሠርግ ሰምታዋለች፣ በለቅሶ ሰምታዋለች፤ በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሳይቀር ሰምታዋለች። ደሴ አብረዋት በሚኖሩት በሴት ልጃቸው በሊዲ ቤት ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ይህን ሳይሰማ ወጥቶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ወሬው በዓመት በዓመቱ ይፋፋል፤ ጓሉ ይጠነክራል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ የዓለማየሁ ክንድ ይወፍራል። እሷ ግን በወሬው ውስጥ የለችም። አንድ ቀን ትመጣ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ኖራ ኋላ ኋላ መጠበቁንም ትታዋለች።

ዛሬ ትዕግሥቷ ያለቀው ግን በወሬው ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ቃለሕይወት ከኩታበር ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውል ነበር። ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ባለው ግራር ሜዳ ሃያ ሦስት አባወራ መሬታቸውን በኩታ ገጠም ሊያርሱ ተስማምተዋል፤ ድንበር ለድንበር የተያያዘው ማሳ በአንድ ጊዜ ታርሶ አንድ ዓይነት ስንዴ ሊዘራበት ነው። ትራክተሩ ከኮምቦልቻ ተጭኖ ይመጣል። የጎደለው የአንድ ቤት ፊርማ ነው። ቃለሕይወት የሚያርሰው መሬት በዓለማየሁና በእቴነሽ ስም ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ አንዱ ካልፈረመ የሌላው ፊርማ ዋጋ የለውም። ይባስ ብሎ ማሳቸው መሃል ላይ ነው። በአንድ ወገን ገደል የሆነ ቦረቦር፣ በሌላው ወገን ዳገት አለ፤ ትራክተሩ በነሱ መሬት ካላለፈ ከማዶ ያሉት ስድስት ማሳዎች ጋር አይደርስም።

ዓለማየሁ አሻፈረኝ አለ። ብረቱ ከብዶ መሬቱን ይደፈጥጠዋል አለ። ድንበሬን ያጠፉብኛል አለ። ቃለሕይወት ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱ ባለፈው ጥር እንደሞተበትና የቀረውን ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ተራ እየጠበቀ እንደሚያርስ ሲነገረው፣ እኛ ተራ እየጠበቅን አይደል ወይ ያደግነው አለ። እርሻ ሰውን ሰው ያደርጋል ይላል። እርፍ መጨበጥ ከተወ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያ ሰው ያደረገው እርሻ ሁለቱንም ጉልበቱን በልቶታል፤ ማታ ማታ በቅባት የምታሽለት እሷ ናት። እያሸችለት እርሻን ሲያመሰግን ትሰማዋለች።

በመጨረሻ እዚያው ሄጄ ፊት ለፊት እምቢ እላቸዋለሁ ብሎ ደብተሩን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከትቶ ተነሳ። እሷም ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችው።

ግራር ሜዳ ሲደርሱ ሰዉ በግራሮቹ ጥላ ተሰብስቦ ነበር። ቀዩ ትራክተር ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል። የትራክተሩ ባለቤት ዐቂል የሚባል፣ ከደሴ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ዓለማየሁን ሲያይ ወደሱ መጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ የአብዱልሐሚድ ልጅ መሆኑን፣ አባቱ በደሴ ሱቃቸው ማረሻና ወገል ይሸጡለት እንደነበርና እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሱት ነገረው።

“አባትህ ደግ ሰው ነው፤” አለ ዓለማየሁ። “ማረሻ ይሸጥልን ነበር። አንተ ማረሻውን ልታስጥለን መጣህ።”

“ይህን ግዛ ያሉኝ እሳቸው ናቸው አባባ፤” አለ ዐቂል። “ወላሂ፣ ማረሻ ፈላጊ ሲጠፋ ሱቁን በገዛ እጃቸው ዘጉት።”

ዓለማየሁ ወደ ጥላው ሄዶ ተቀመጠ።

የግብርና ባለሙያው ምንተስኖት ወረቀቱን ዘርግቶ ማስረዳት ጀመረ። ትሑት ልጅ ነው፤ ችግሩ ከወረቀቱ ቀና ብሎ መናገር አይሆንለትም። ሜካናይዜሽን የምርታማነት መሠረት ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበበው። ዓለማየሁ ሦስቱንም ጊዜ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀው። እቴነሽ ሁለቱንም ባንድ ገመድ ባስራቸው ብላ ተመኘች። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ዐቂል ሰዓቱን ያያል፤ ከነገ በኋላ መቆየት እንደማይችል፣ ሐርቡ ላይ ማሽላ ሊዘሩ ቀን የቆረጡ ሰዎች እንደሚጠብቁት ቀስ ብሎ ለቃለሕይወት ሲነግረው ሰማች። ቃለሕይወት አንዴ አባቱን፣ አንዴ ማሽኑን ያያል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ በአባቱ ፊት ግን ዛሬም ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ዓለማየሁ ተራው ሲደርሰው ቆመ። ዱላውን ተደግፎ ስለ እርሻ ተናገረ፤ እንዴት ግልበጣው፣ ድጋሙ፣ ስልሱ፣ ሦስቱ ዙር እርሻ አንድ ወር ሙሉ እንደሚፈጅ፣ እንዴት መሬት የሰው ላብ ካልነካው እንደማይሰጥ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እቴነሽ ግን ስለየትኛው ላብ እንደሚያወራ ልትጠይቀው ቃጣት። እርሻ ሲባል ወንድ ሁሉ የሚታየው ሞፈርና ቀንበር ነው። ፍጉን በጀርባዋ ተሸክማ ማሳውን ያዳረሰች እሷ ናት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎንበስ እንዳለች ያረመች፣ ነዶውን የተሸከመች፣ አውድማውን በእበት የለቀለቀች እሷ ናት። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበር ደወል ሲደወል ልጅ አዝላ የወጣች፣ ዳፕ የሚሉት ማዳበሪያ በመጣ ጊዜ ከኩታበር ግማሽ ኩንታሉን ተሸክማ የወረደች፣ በእርከን ዘመቻው ድንጋይ ያጋዘች እሷ ናት። መንግሥት ሲለወጥ ለወንዱ ሥራ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ የእሷ አረም ግን በንጉሡም ጊዜ አረም ነበር፣ ዛሬም አረም ነው።

መርየም ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። መሬቷ ከነሱ ማዶ ነው። ከእቴነሽ ጋር በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ በአንድ ምንጭ የቀዱ፣ በረመዳንም በፋሲካም የተጠያየቁ ጎረቤታሞች ናቸው።

“ዓለማየሁ ወንድሜ፣” አለች መርየም፣ “ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሬ የለኝም። በየዓመቱ ያረሰልኝ ሰው የእህሌን እኩሌታ ወስዶ ይሄዳል። ያረሰ ለምን ይበላል አይባልም፤ ሐቁ ነው። ዘንድሮ ግን አላህ ብሎልኝ ሙሉውን ላስገባ ነበር። ምነው መንገድ ብትሰጠኝ?”

እቴነሽ የዓለማየሁ ፊት ሲላላ አየች፤ ሃምሳ አምስት ዓመት አብራው ኖራለችና የልቡን መላላት ከቅንድቡ ታውቀዋለች። እሺ ሊል ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን ዙሪያውን አየ፤ ሽማግሌዎቹን፣ ባለሙያውን፣ ያን ቀይ ማሽን አየ፤ አገጩን ቀና አደረገ።

“ችግርን እኔ ነኝ የማውቀው፤” አለ። “በሰባ ሰባት በዚሁ መሬት ላይ በሬ ሳይኖረኝ አርሻለሁ። ማንም መንገድ ልስጥህ አላለኝም። ማንም አልረዳኝም።”

እቴነሽ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ባሏ በወሬው ውስጥ ብዙ ነገር ሲጨምርና ሲቀንስ ሰምታለች፤ ይህን ቃል ግን ሲል ሰምታው አታውቅም።

ያን ጊዜ ከረሃብ መጠለያ የተመለሱት በግንቦት ነበር። ሁለት ልጆች እዚያው ቀብረዋል። የተሰጣቸው አንድ ቁና ተኩል የገብስ ዘርና አንድ ዶማ ነው። ዝናቡ ሲጥል ዶማው ሜዳውን አልችለው አለ፤ ወራት ሙሉ የደረቀ መሬት ነው። ዓለማየሁ ሞፈርና ቀንበሩን ከፈረሰው ጎጆ ፍርስራሽ አወጣ። አንዲት አህያ ተርፋላቸው ነበር። አንድ አህያ ብቻዋን ቀንበር አትስብም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቀንበሩን ሲያይ ዋለ፤ እሷን ግን አላያትም። በማግሥቱ ነጠላዋን አጥፋ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በባዶው በኩል የገባችው እሷ ናት። ግቢ አላላትም። አትግቢም አላላትም። ማነቆው ለሰው አንገት የተሠራ አይደለምና በገመድ አሰሩት። አሥራ አንድ ቀን ጎተተች። ማታ ማታ ትከሻዋን በሞቀ ውኃ ስትይዝ እሱ ፊቱን ያዞር ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ስለ ነገሩ ተናግረው አያውቁም። እሷ ዝም ያለችው ለክብሩ ብላ ነው፤ ሚስቱን ጠምዶ ያረሰ ተብሎ ስሙ እንዳይነሳ። እሱ ለምን ዝም እንዳለ አታውቅም።

“ማንም?” አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደሷ ዞረ። እቴነሽ በሰው ፊት ባሏን አንቱ ብላ ኖራለች፤ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው አንተ የምትለው። አሁን ሁለቱ ተምታቱባት።

“አንተ፣ ማንም ነው ያልከው? ያን ቀንበር ማን ጎተተው?”

“እቴነሽ፣ ተይ።”

“አርባ ዓመት ተውኩት።” ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ደክሟት ነበር። “በአንድ ወገን አህያዋ ነበረች፣ በአንድ ወገን እኔ። እሱ እርፉን ይዟል። አረሰ፤ ውሸት አይደለም። ገብሱም በቅሎ ከሞት አውጥቶናል። ላዋርደው ብዬ አይደለም የምናገረው፤ ያን ጊዜ ሌላ ምን ያድርግ? ግን ዛሬ የመርየምን መንገድ በዚያ ዓመት ስም ሲዘጋ ዝም አልልም። እኔ በሬ ሆኜ አውቀዋለሁ። ብረት በሬ ልሁንላችሁ ብሎ ሲመጣ አልመልስም።”

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ በኩል መርየም፣ እኔም አይቻለሁ፣ በዚያ ክረምት ያላየ ሴት የለም አለች፤ ይህን ያለችው ለራሷ እንደምትናገር ቀስ ብላ ነው። እቴነሽ ያኔ ነው ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ እንደነበር ያወቀችው። እሷ ለባሏ ክብር ዝም ስትል እነሱም ለእሷ ክብር ዝም ብለው ኖረዋል። ይህ ደግሞ በሌላ በኩል አናደዳት። ያ ሁሉ ዝምታ ለማን በጀ?

ቃለሕይወት ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ነው የተወለደው። የእናቱን ትከሻ በነጠላዋ ላይ አየ፤ ከዚያ አባቱን ላለማየት ወደ ቦረቦሩ ዞረ።

ዓለማየሁ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፤ ለምንተስኖት ሳይሆን ለእቴነሽ ሰጣት። ብዕሩን ከምንተስኖት ተቀብሎ የስምምነቱ ወረቀት ላይ ፈረመ። እቴነሽም ከሥሩ ስሟን በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ክብ ክብ ፊደል ጻፈች። አሸነፍኩ የሚል ስሜት አልተሰማትም፤ ጥላ ሥር ሄዳ መቀመጥ ብቻ ነው ያማራት።

ትራክተሩ ተነሳ። ዓለማየሁ ስምንት ቀን ይገለብጠው የነበረውን ማሳ በአርባ ደቂቃ ገለበጠው። ዓለማየሁ በኋላው ተከትሎ ሄደ፤ ጎንበስ እያለ ጣቱን በትልሙ ውስጥ ከቶ ጥልቀቱን ለካ፤ አፈሩን በመዳፉ አሸ፤ ነውር ሲያጣበት ማዕዘኑን አልነካውም ብሎ ለዐቂል አመለከተው። እውነትም ማሽኑ መዞር ያልቻለባቸው አራት ማዕዘኖች ነበሩ። ዐቂል ሳቀና ለእሱ ዶማ ያስፈልጋል አለ። ቃለሕይወት ዶማ ሊያመጣ ሄደ።

ወደ መርየም ማሳ ለማለፍ የድንጋዩ እርከን መከፈት ነበረበት። ወጣቶቹ ከየት እንጀምር ሲሉ ዓለማየሁ ደረሰ። እርከኑን እሱ ነው የደረደረው፤ የትኛው ድንጋይ የትኛውን እንደያዘ ያውቃል። ዱላውን ጥሎ ተንበረከከና ማውጣት ጀመረ። እቴነሽ ጉልበትህን አስብ ልትለው ብላ ተወችው፤ ማታ የምታሸው እሷ መሆኗን እያወቀች ተወችው። የቀትሩ የዙሁር አዛን ከከተማው ሲሰማ የመርየም መሬት ታርሶ አልቋል።

አመሻሽ ላይ ኩታበር መናኸሪያ ሚኒባስ ሲጠብቁ ዓለማየሁ በድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጣቶቹ ተልጠዋል።

“በየት በኩል ነበርሽ?” አላት ድንገት።

“ምኑን?”

“ቀንበሩን።”

እቴነሽ ተበሳጨች። ጓሉን ያስታውሳል፣ ፀሐዩን ያስታውሳል፤ ይህን ረስቷል።

“በቀኝ።”

“ቦራ የሚጠመደው በቀኝ ነበር፤” አለ። ቦራ በዚያ ዓመት የካቲት የሞተባቸው በሬ ነው።

“አውቃለሁ። በሰባተኛው ቀን በእሱ ስም ጠርተኸኛል። ና ቦራ ብለኸኛል።”

ዓለማየሁ ቀና ብሎ አያት። “አላስታውስም።”

“እኔ አስታውሳለሁ።”

ሚኒባሱ ሲመጣ ቀድሞ ገብቶ እሷ እንድትቀመጥ የመስኮቱን ወንበር ያዘላት፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ደሴ እስኪገቡ አጠገባቸው ለነበሩት ሰዎች ምንም አላወራም። እቴነሽ ዝምታውን ስትመኘው የኖረች ሴት፣ ሲመጣ ደግሞ ከበዳት፤ ይህ ሰው ሲናገርም ሳይናገርም የሚያደክም ነው ብላ አሰበች።

ስንዴው በሰኔ መጨረሻ ተዘራ፣ ጥሩ አድርጎ በቀለ። በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ቃለሕይወት ደውሎ፣ የተረጨው መድኃኒት ቅጠለ ሰፋፊውን አረም እንደገደለውና ስናሩን ግን እንዳልነካው ነገራቸው። ስናር ሲበቅል ከስንዴ አይለይም፤ በእጅ ካልተነቀለ እህሉን ያንቀዋል። ምንተስኖት ለዚህ የሚሆን ወረቀት አልነበረውም። ሴቶቹ እንደ ጥንቱ በደቦ ሊያርሙ ተጠራሩ። እቴነሽም ለሦስት ቀን ብላ ተነሳች። ዓለማየሁ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። የት ትሄዳለህ ብትለው፣ አብሬሽ አላት።

ሰባ ስድስት ዓመት ሆኖት አርሞ አያውቅም። እርሻ ለሚይዝ ሰው አረም አይገባም ተብሎ ነው ያደገው። ማሳው ውስጥ ከሷ አጠገብ ተራ ያዘ፤ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት መሬት ላይ ተቀመጠና እየተንፏቀቀ መንቀል ጀመረ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። መርየም እግዜር ያበርታህ ወንድሜ አለችው፤ የሱን ወግ ጠብቃ ነው አላህ ያላለችው።

እቴነሽ ጥቂት ቆይታ ዞር ብላ ብታየው በእጁ የያዘው ጭብጥ ሙሉ ስንዴ ነው። ስናሩ ከኋላው ቆሟል።

“ይህ ስንዴ ነው፤” አለችው። “ስናሩ ያውልህ፣ ሥሩ ዘንድ ጸጉር ያለው።”

ገባኝ አለ። ሁለተኛ ዞር ስትል ደግሞ ስንዴ ነቅሏል።

“ይህን ሁሉ ዘመን ስንዴ ስትበላ ኖረህ ስንዴን አታውቀውም?”

ዓለማየሁ በእጁ ያለውን አገላብጦ አየው። ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

“እኔ የማውቀው ሲዘራና ሲታጨድ ነው፤” አለ። “መሃሉን አንቺ ነበርሽ።”

እቴነሽ ስንዴውን ከእጁ ወስዳ፣ እንደማይጸድቅ እያወቀች፣ አፈሩን በጣቷ ከፍታ አንድ በአንድ መልሳ ተከለችው። ሴቶቹ ቀድመዋቸው ሄደዋል።

“በል ተከተለኝ፤” አለችው። “እኔ ስነቅል እያየህ ና። አንተ ለጊዜው ምንም አትንካ።”